ከቀለጠ ብረት በላይ የሚንሳፈፈው፦ ሩሲያውያን «ሽላክ» የሚሉት ነገርና ስሞቹ

ብረት በያጅ ሲሠራ ቆማችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በኤሌክትሮድ አንድ መስመር ከበየደ በኋላ ወደሚቀጥለው አይሄድም። ትንሽ መዶሻ ያነሳና ቋ ቋ እያደረገ ከላይ የተጋገረውን ጥቁር ቅርፊት ይሰብራል። ቅርፊቱ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ ሲረግፍ ከሥሩ የሚያብረቀርቀው ብረት ብቅ ይላል። ያ ቅርፊት በእንግሊዝኛ ስላግ፣ በሩሲያኛ ሽላክ ይባላል።

አብዛኛው ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፈዋል። ግን ያ ቅርፊት ባይኖር የቀለጠው ብረት ከአየሩ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ጋር ተገናኝቶ ብየዳው ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆን ነበር። ቅርፊቱ ሥራውን ጨርሶ ነው የሚጣለው። በትልልቅ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካዎችም ነገሩ ይኸው ነው፤ ልዩነቱ እዚያ ሽላኩ የሚለካው በግራም ሳይሆን በቶን መሆኑ ነው። አንድ ቶን ጥሬ ብረት ሲወጣ ዛሬ ባሉት ጥሩ ምድጃዎች እንኳ 300 ኪሎ ግራም ገደማ ሽላክ አብሮ ይወጣል።

ለምን በሩሲያኛ በኩል አወራዋለሁ? ሁለት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ ሶቭየት ኅብረት ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዓለም ትልቋ የስቲል አምራች ስለነበረች በዚህ ጉዳይ ላይ የተጻፈው የሩሲያኛ ጽሑፍ እጅግ ብዙ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለተኛ፣ የእኛም የምህንድስና ትምህርት ከዚያ ሰፈር ጋር የቆየ ዝምድና አለው። የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1963 የተቋቋመው በሶቭየት ኅብረት ትብብር ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች እዚያው ሄደው ተምረዋል። ስለዚህ የቆዩ ማስታወሻዎችና መጻሕፍት ስታገላብጡ እነዚህ ቃላት ማጋጠማቸው አይቀርም። ሲያጋጥሙ ደግሞ አንዳንዶቹ ወጥመድ ናቸው።

መጀመሪያ ነገሩን ራሱን እንረዳ። ከመሬት የሚወጣው የብረት ማዕድን ብረት ብቻ አይደለም፤ ከኦክስጅን ጋር የተጣመረ ብረት ሆኖ ሲሊካና አሉሚና የሚባሉ የድንጋይ ነገሮች ተቀላቅለውበታል። ብረቱን ከኦክስጅኑ መለየት የከሰሉ ሥራ ነው። ድንጋዩስ ወዴት ይሂድ? ሲሊካ ለብቻው የሚቀልጠው 1,700 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ላይ ነው። አሉሚና ከ2,000 በላይ፣ ኖራ ደግሞ ከ2,500 በላይ ይፈልጋል። አንዳቸውም በብረት ምድጃ ውስጥ ብቻቸውን አይቀልጡም። የሚገርመው ሦስቱን በተመጠነ ልክ ስታደባልቋቸው 1,300 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ መጀመራቸው ነው። ለዚህ ነው የኖራ ድንጋይ ሆን ተብሎ ወደ ምድጃው የሚጨመረው። ሽላክ ማለት እንግዲህ ይህ የቀለጠ ድንጋይ ነው። ከብረት ጋር አይዋሃድም፤ ክብደቱም ከቀለጠ ብረት ግማሽ እንኳ ስለማይሞላ ከላይ ይንሳፈፋል።

ይቺን «ይንሳፈፋል» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሽላክ የሚለው ቃል ሩሲያዊ አይደለም። ጀርመኖቹ ሽላከ ይሉታል፣ የእንግሊዝኛው ስላግም ከዚያው ከሰሜን ጀርመን ቀበሌኛ የመጣ ዘመዱ ነው። ሥሩ «መምታት» ከሚለው ግስ ጋር ይያያዛል፤ መጀመሪያ ብረት ሲቀጠቀጥ ከመዶሻው ሥር የሚፈናጠረውን ፍርፋሪ ያመለክት ነበር። በያጁ ቅርፊቱን በመዶሻ ሲያራግፍ ሳያውቀው የቃሉን ትርጉም እየሠራው ነው ማለት ነው።

ቃሉ ወደ ሩሲያ የገባበት መንገድ ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ታላቁ ጴጥሮስ ከስዊድን ጋር ሲዋጋ መድፍ ያስፈልገው ነበር፤ ለመድፍ ደግሞ ብረት። በ1701 በኡራል ተራሮች የኔቪያንስክና የካሜንስክ ምድጃዎች ሥራ ጀመሩ። በ1719 የማዕድን ጉዳይ የሚመራው መሥሪያ ቤት «በርግ ኮሌጊያ» ተብሎ ተቋቋመ፤ ስሙ ራሱ ጀርመንኛ መሆኑን ልብ በሉ። ባለሙያዎቹ ከሳክሶኒና ከሌሎች የጀርመን ግዛቶች መጡ፣ ቃላታቸውንም ይዘው መጡ። ወደ ምድጃው የሚገባው የማዕድን፣ የከሰልና የኖራ ድብልቅ ሺኽታ፤ ድንጋዩ ቶሎ እንዲቀልጥ የሚጨመረው ፍሉስ፤ መዳብ ሲቀልጥ የሚገኘው የመዳብ፣ የብረትና የድኝ ውሁድ ሽቴይን ተባለ። ሽቴይን በጀርመንኛ ድንጋይ ማለት ነው። እነዚህ ቃላት ዛሬም በሩሲያ ፋብሪካዎች ውስጥ አሉ።

ይህን ሁሉ ያልወደደ ሰው ነበር። ቫሲሊ ታቲሽቼቭ ይባላል፤ ታሪክ ጸሐፊ፣ አስተዳዳሪ፣ በ1723 የየካተሪንቡርግን ከተማ ከመሠረቱት ከሁለቱ ዋና ሰዎች አንዱ። በ1734 የኡራል ፋብሪካዎች የበላይ ሆኖ ሲመለስ የጀርመንኛ ማዕረጎችንና የመሣሪያ ስሞችን በሩሲያኛ ተክቶ እንዲሠራባቸው አዘዘ። የከተማዋን ስም ሳይቀር ጀርመንኛውን «ቡርግ» አስወግዶ «የካተሪንስክ» አላት። በዚያን ጊዜ በእቴጌ አና ቤተ መንግሥት ሁሉን ያዥ የነበረው ቢሮን የባልቲክ ጀርመን ነው፤ ነገሩ እጅግ አናደደው። ከተማዋ ዛሬ ምን ተብላ እንደምትጠራ ታውቃላችሁ፦ የካተሪንቡርግ። ሺኽታም ሺኽታ፣ ሽላክም ሽላክ ሆኖ ቀረ።

እኔ ታቲሽቼቭ ጨርሶ ተሸነፈ አልልም። ሹማምንቱ በጀርመንኛ ሲጽፉ ሠራተኛው በራሱ ቋንቋ መናገሩን አላቆመም። በኡራል ምድጃ ዳር ያደጉ ሰዎች ሽላክን «ሶክ» ይሉት ነበር፤ ሶክ ማለት ጭማቂ ነው። የደረቀውንም «ሶኮቪና» ይሉታል። የኡራልን ተረቶች ሰብስቦ በ1939 «የማላካይት ሳጥን» በሚል ያሳተመው ፓቬል ባዦቭ፣ እሱም የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነው፣ ከተረቶቹ ጋር ባወጣው የቃላት መፍቻ ውስጥ ይህንን ቃል የመዳብና የብረት ምድጃ ሽላክ ብሎ ፈቶታል። ቀይ ሆኖ ከምድጃው ጎን ሲንዠቀዠቅ ላየ ሰው ጭማቂ መባሉ አይገርምም።

ረጅሙ የብረት ምድጃም ቢሆን የራሱን ስም ይዟል። እንግሊዞች ብላስት ፈርነስ የሚሉትን ሩሲያውያን «ዶምና» ይሉታል፤ የመጣው «መንፋት» ከሚለው የጥንት የስላቭ ቃል ነው። የእኛ ወናፍ ያለችው ምድጃ ማለት ነው በአጭሩ። ከዚያ የሚወጣው ሽላክ ዶመኒ ሽላክ ይባላል። ጥሬ ብረቱ ቹጉን ነው፤ ይሄ ደግሞ ከቱርክ ቋንቋዎች የተወሰደ። ቹጉኑ ተቀድቶ ሲረጋ የሚይዘው ቅርጽ ቹሽካ ይባላል፣ ትርጉሙ የአሳማ ግልገል። አንድ የሩሲያ ምድጃ ዙሪያውን ብትዞሩት ጀርመንኛም፣ ቱርክኛም፣ የገጠር ሩሲያኛም ታገኛላችሁ።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ። በሩሲያኛ የመማሪያ መጻሕፍት የመጀመሪያው ክፍፍል «ኪስሊ» እና «ኦስኖቭኖይ» የሚለው ነው። ኪስሊ ቃል በቃል ኮምጣጣ ማለት ነው፤ ሲሊካ የበዛበት፣ በኬሚስትሪ ቋንቋ አሲዳማ ሽላክ። ኦስኖቭኖይ ኖራና ማግኒዥያ የበዛበት፣ ማለትም ቤዝ የሆነው ነው። ወጥመዱ ያለው እዚህ ጋ ነው። ኦስኖቭኖይ በተራ ሩሲያኛ «ዋና» ማለትም ነው። «ዋናው ጥያቄ»፣ «ዋናው መንገድ» ሲባል ያው ቃል ነው የሚያገለግለው። እኔ ራሴ አንድ በእጅ የተጻፈ የቆየ የትርጉም ማስታወሻ ላይ «ዋናው ዝቃጭ በኖራ የበለጸገ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር አይቻለሁ። አንባቢው ምን ይረዳል? ዋና የሆነ ሽላክ አለ፣ ሌላ ደግሞ ጥቃቅን ሽላክ አለ ብሎ ያስባል። ጽሑፉ ግን የሚለው ሌላ ነው።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ምድጃ ውስጡ በጡብ ወይም በተደለደለ የሲሊካ ዱቄት ይለበጣል። ብዙ ትንንሽ የኢንዳክሽን ምድጃዎች የሚለበጡት በሲሊካ ነው። በሲሊካ የተለበጠ ምድጃ ውስጥ ኖራ የበዛበት ሽላክ ብትሠሩ ኖራው የምድጃውን ግድግዳ ይበላዋል፤ ያው ከላይ እንዳልኩት ኖራና ሲሊካ ሲገናኙ መቅለጥ ይወዳሉ። ግድግዳው ሲሳሳ የቀለጠ ብረት በዚያ ቀዶ ሊወጣ ይችላል። ውጭ ደግሞ የመዳብ መጠምጠሚያ አለ፣ በመጠምጠሚያው ውስጥ የማቀዝቀዣ ውሃ አለ። የቀለጠ ብረትና ውሃ ሲገናኙ የሚሆነውን መናገር አያስፈልገኝም። እና አንዲት ቅጽል በትክክል መተርጎሟ ሰው ቆሞ በሚሠራበት ቦታ ላይ ልዩነት አላት።

ለመሆኑ ኖራ እንዲህ አስቸጋሪ ከሆነ ለምን አስፈለገ? በፎስፈረስና በድኝ ምክንያት። ሁለቱም ከማዕድኑና ከከሰሉ ወደ ብረት ይገባሉ፣ ሁለቱም ያበላሹታል። ድኝ ያለበት ስቲል ቀይ ሆኖ ሲቀጠቀጥ ይሰነጠቃል፣ ፎስፈረስ ያለበት ደግሞ በብርድ ይሰበራል። ሩሲያውያን ለእነዚህ በሽታዎች ከጀርመን አልተበደሩም፦ ክራስኖሎምኮስት፣ «በቀይነት መሰበር»፤ ኽላድኖሎምኮስት፣ «በብርድ መሰበር»። ምንም ያልተማረ ሰው እንኳ ሰምቶ ይገባዋል። ታቲሽቼቭ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር።

ፎስፈረስን ለማውጣት ያለው ዋናው መንገድ ኖራ የበዛበት ሽላክ ነው፤ ፎስፈረሱ ተቃጥሎ ወደ ሽላኩ ይገባና ኖራው ያስረዋል። ቤሰመር በ1856 አየር በቀለጠ ብረት ውስጥ በመንፋት ስቲል መሥራትን ሲያስተዋውቅ ምድጃው በሲሊካ የተለበጠ ነበርና ፎስፈረሱ ንቅንቅ አላለም። ፎስፈረስ ያለበት የአውሮፓ ማዕድን ከጥቅም ውጭ ሆኖ ለሃያ ዓመታት ቆየ። መፍትሔውን ያመጣው የፋብሪካ ባለቤት ወይም ፕሮፌሰር አልነበረም። ሲድኒ ጊልክራይስት ቶማስ የሚባል የለንደን ፖሊስ ፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ ኬሚስትሪ የተማረው ማታ ማታ ነበር። ከአጎቱ ልጅ ከኬሚስቱ ፐርሲ ጊልክራይስት ጋር ሆኖ ምድጃውን በዶሎማይት ለበጠው፣ ኖራም ጨመረበት፣ በ1879 ሚድልስብራ ውስጥ በትልቅ ምድጃ አሳየው። ሠራ። ቶማስ በ1885 ሲሞት ገና 34 ዓመቱ ነበር።

እና ሽላኩስ? ፎስፈረስ የጠጣው ሽላክ ሲፈጭ ማዳበሪያ ሆኖ ተገኘ። ለብረት በሽታ የሆነው ለእህል ምግብ ነው። ሩሲያውያን በሰውየው ስም ቶማስሽላክ አሉት። በኋላ ደግሞ ማሪዩፖል የሚገኘው አዞቭስታል፣ በ1933 የመጀመሪያ ብረቱን ያወጣው፣ ፎስፈረስ የበዛበትን የከርች ማዕድን ሲያቀልጥ ከማርተን ምድጃዎቹ የሚወጣውን ሽላክ ፎስፋትሽላክ በሚል ስም ለእርሻ ያቀርብ ነበር። አዞቭስታልን ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በ2022 ጦርነት ነው፤ ለብረት ሰዎች ግን ስሙ ከዚህ ሽላክ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላው ክፍፍል በጣም ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም የቤተ ሙከራ ሳይሆን የዓይን ነው። «ረጅም» ሽላክና «አጭር» ሽላክ፤ በሩሲያኛ ድሊኒ እና ኮሮትኪ። ሠራተኛው የብረት ዘንግ ወደ ሽላኩ ነክሮ ያወጣል። ሽላኩ እንደ ማር እየተሳበ ክር ከሠራ ረጅም ነው፤ ጠብ ጠብ ብሎ ከተቆረጠ አጭር። ረጅሙ ብዙውን ጊዜ ኮምጣጣው ነው። ሲሊካ ሲቀልጥም ሰንሰለቱን አይበትንም፤ ሲሊከንና ኦክስጅን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይቆያሉ፣ ስለዚህም ይሳባል። ኖራ ሲጨመር ሰንሰለቱን ይቆራርጠዋል፣ ሽላኩም እንደ ውሃ ይቀጥናል።

አጭሩ ሽላክ ግን አንድ ክፉ ጠባይ አለው፦ ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ አይወፍርም፣ ድንገት ድርቅ ይላል። የምድጃው ሙቀት ትንሽ ከወረደ የመውጫው ቀዳዳ፣ ሌትካ ይሉታል፣ ይዘጋል። ነገሩ ከከፋና በምድጃው ሆድ ውስጥ ያለው ሁሉ ከረጋ ሩሲያውያን «ኮዝዮል ቆመብን» ይላሉ። ኮዝዮል ወጠጤ ፍየል ነው። ያንን ፍየል ከምድጃ ማውጣት በቁፋሮና በፈንጂ የሚደረግ ሥራ ነው፤ አንዳንዴ ምድጃውን ማፍረስም ይጠይቃል።

በኤሌክትሪክ ምድጃ ዘንድ ደግሞ በቀለም ይለዩታል። ሥራው ሲጀመር ያለው ሽላክ የብረት ኦክሳይድ ስለሚበዛበት ጥቁር ነው። ከዚያ ተገፍፎ አዲስ ሽላክ በኖራ ይሠራል፣ ኦክስጅኑም ይወጣለታል፤ በደንብ ሲበስል ነጭ ይሆናል፣ በሊ ሽላክ ይባላል። ነጩ ሽላክ ተቀድቶ ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ ድንጋይ ነው፤ ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ተፈርፍሮ ዱቄት ይሆናል። አስማት አይደለም። በውስጡ ያለው ካልሲየም ሲሊኬት ሲበርድ የክሪስታሉን አቀማመጥ ይቀይርና ከአሥር በመቶ በላይ ያብጣል፣ ራሱን በራሱ ይሰነጣጥቃል። ከሰል ከበዛበት ደግሞ ግራጫው ካርቢድኒ ሽላክ ይመጣል። ይሄኛውን በአፍንጫም ትለዩታላችሁ፦ ውሃ ጠብ ሲደረግበት የአሲቲሊን ሽታ ይሰጣል። ጋራዥ ውስጥ ካርባይድ በውሃ ሲበጠበጥ የሚሸተው ያው ሽታ ነው፤ ኬሚስትሪውም አንድ ነው።

የብረት ሰዎች «አንተ ሽላኩን ሥራ፣ ስቲሉ ራሱ ይሠራል» የሚሉት እንግዲህ ቀልድ አይደለም።

ከምድጃ ከወጣ በኋላስ? ለረጅም ጊዜ መልሱ አንድ ነበር፤ ወስዶ መድፋት። የሚደፋው ኦትቫልኒ ሽላክ ይባላል፣ «የክምር ሽላክ»። ከዚያ በ1862 ጀርመናዊው ኤሚል ላንገን የቀለጠ የምድጃ ሽላክ በውሃ ድንገት ሲቀዘቅዝ የሚገኘው አሸዋ መሰል ብርጭቆ ከኖራ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሲሚንቶ እንደሚጠነክር አስተዋለ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘው ድንጋይ ይሆናል፣ ይሄን ጠባይ አያሳይም። ልዩነቱ የማቀዝቀዣው ፍጥነት ብቻ ነው። በውሃ በመጠኑ ተረጭቶ እንዲያብጥ ከተደረገ ደግሞ ቀዳዳ የሞላው ቀላል ድንጋይ ይወጣል፤ ሶቭየቶች ቴርሞዚት አሉት፣ የሽላክ ፑሚስም ይሉታል። እኛ አገር ብሎኬት የምንሠራበትን ፑሚስ እሳተ ገሞራ በነፃ ሠርቶ ሰጥቶናል፤ እነሱ በፋብሪካ አረፉት። በእንፋሎት ወይም በአየር ሲነፋ የሽላክ ጥጥ ይሆናል፣ ለሙቀት መከላከያ። በ1960ዎቹ ደግሞ በሞስኮ የኢሳክ ኪታይጎሮድስኪ ቡድን ከሽላክ ሽላኮሲታል የተባለ ጠንካራ የወለልና የግድግዳ ንጣፍ ሠርቶ በዩክሬኗ ኮንስታንቲኖቭካ በፋብሪካ ደረጃ ተመረተ።

ከእነዚህ ሁሉ ወደ ሕዝቡ አፍ የገባው ሽላኮብሎክ ነው። ከሽላክ የተሠራ ብሎኬት ማለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ምንም ሽላክ የሌለበትን ብሎኬትም በዚያው ስም ይጠራል። ቃሉ ከዕቃው በላይ ዕድሜ አገኘ። እንዲያውም ሽላክ በሩሲያኛ ከምድጃ ወጥቶ ብዙ ቦታ ሄዷል። የድንጋይ ከሰል ተቃጥሎ የሚቀረው ግግር አመድ ሽላክ ነው። በሰውነታችን ውስጥ ተጠራቅሟል እየተባለ በየማስታወቂያው መድኃኒት የሚሸጥለት «መርዝ» ሽላክ ነው፤ ሐኪሞች ባይቀበሉትም። ወጣቶች የማይረባ ፊልም ሲያዩ «ሽላክ!» ይላሉ። የጂኦሎጂ ሰዎች ደግሞ እሳተ ገሞራ የሚተፋውን ቀዳዳ የሞላው ጥቁርና ቀይ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ሽላክ ይሉታል። በቢሾፍቱ ዙሪያ የምታዩአቸው እነዚያ ክብ ኮረብታዎች በሩሲያኛ ስማቸው «የሽላክ ሾጣጣዎች» ነው። የሩሲያኛ ጽሑፍ ስታነቡ ሽላክ የሚል ቃል ባያችሁ ቁጥር ከየትኛው ምድጃ እንደወጣ መጠየቅ አለባችሁ።

ወደ ያዛችሁልኝ ቃል ልመለስ። በአማርኛ ብዙ ጊዜ ሽላክን «ዝቃጭ» ብለን እንተረጉማለን። ዝቃጭ ግን የሚዘቅጥ ነው፤ እንደ ጠላ አተላ ከታች የሚቀር። ሽላክ ደግሞ ይንሳፈፋል። ተማሪው «ዝቃጩን አውጣ» ሲባል ዓይኑ ወደ ምድጃው ወለል ቢሄድ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጠጅ ስትጠምቁ ማሩ በውሃ ሲበጠበጥ ከላይ የሚሰበሰበውንና የምትገፉትን ምን ትሉታላችሁ? ሰፈፍ። ቀላል ሆኖ ይንሳፈፋል፣ ከሥር ካለው ነገር የተለየ ነው፣ ከላይ ይገፈፋል፣ ደግሞም ጨርሶ አይጣልም፤ ሰም ይወጣዋል። እኔ በግሌ «የብረት ሰፈፍ» ብል ይሻለኛል። ኮሚቴ ተሰብስቦ ሌላ ነገር ቢወስን አልቃወምም፤ የማይንሳፈፍ ስም ብቻ አይሁን።

ስሙ ሲቀየር ነገሩ እንዴት እንደሚቀየር ደግሞ ከኡራል አንድ ቦታ ላሳያችሁ። በቼልያቢንስክ ክልል ካራባሽ የምትባል ከተማ አለች። የመዳብ ማቅለጫዋ ከ1910 ጀምሮ የሠራ ሲሆን ከጎኗ ጥቁር የሽላክ ተራራ ቆሟል፤ ጭሱ ያቃጠለው ኮረብታም ሣር አጥቶ ለአሥርተ ዓመታት ቆይቷል። ያ ጥቁር ክምር በድሮው መዝገብ ኦትቫል ነው፣ የተደፋ። የመዳብ ሽላክ ግን ውስጡ የቀረ መዳብና ዚንክ አለበት፣ አንዳንዱ ክምር ዛሬ ከሚቆፈር ማዕድን የማይተናነስ። በዘመኑ የሩሲያ ሰነዶች እንዲህ ያሉ ክምሮች «ቴክኖጌኒ ሜስቶሮዥዴኒዬ» ይባላሉ፣ «ሰው ሠራሽ የማዕድን ክምችት» ማለት ነው። እንደ ማንኛውም የማዕድን ቦታ ናሙና ይወሰድባቸዋል፣ መጠናቸው ይሰላል፣ ተፈጭተውም እንደገና መዳብ ይወጣባቸዋል።